ሃይላንድ፣ ጣና እና 16 ጥይት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው እሑድ ታናሽ እህቴ ደውላ “አሁንም ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትተኩሰው?” ብላ ሳቀችብኝ። እሱን ላውራችሁ።

ነገሩ የ2006 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ተኩስ ሲሰማ ማንም “ኢላማ እየተለማመዱ ነው” አይልም። ያኔ ግን አጎታችን፣ የድሮ ወታደር ነው፣ ፈቃድ ያላት አንዲት ማካሮቭ ነበረችው። ማካሮቭ 8 ጥይት ትጎርሳለች። እሱ 16 ይዞ መጣ። ለእናታችን ግን ዓሣ ልናጠምድ ነው አልናት።

ከከተማ ወጣ ብለን ጣና ዳር ደረስን። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ባዶ ሃይላንድ ውኃው ላይ ጣልኩ። “ይኸው ኢላማ!” አልኩ። አጎቴ ሽጉጡን ከወገቡ እንኳ አላወጣም።

“ውኃ ጥይት የሚውጥ ይመስልሃል? እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነጥሮ ነው የሚሄድ።”

ቀጥሎ በአገጩ ወደ ደንገሉ ጠቆመኝ። ጥቂት ቆይቶ ከደንገሉ ጀርባ አንድ ሰው እንጨት የጫነ ታንኳውን እየቀዘፈ ብቅ አለ። ከዘጌ የመጣ ይመስለኛል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለን። እኔ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ሃይላንዴን ለቅሜ ተነሳን። ድንጋይ ይወጣበት የነበረ የተተወ ካባ አለ፣ እዚያ ሄድን። ጀርባው ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ስለሆነ ጥይቱ እዚያው ይቀራል። ሃይላንዶቹን አሸዋ ሞልተን 10 እርምጃ ላይ ደረደርን። ጆሯችንን በጥጥ ወተፍን።

ሽጉጥ ፊልም ላይ ቀላል ነው። እጅ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። አጭር ስለሆነች አፈሙዟ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛባ 10 እርምጃ ላይ ስንዝር ትስታለች። የመጀመሪያዎቹ 4 ጥይቶቼ አፈር በሉ። አጎቴ ሽጉጡን ተቀበለኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ አጎረሰና መለሰልኝ። ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ! ለካ ድሮ የከሸፈች ጥይት ደብቆ አስገብቶ ኖሯል። አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፍቷል፣ ዓይኔም ተጨፍኗል። ድምፁን ፈርቼ ቀድሜ እጄን እየደፋሁ ነበር እኮ!

እህቴ ያኔ የ19 ዓመት ልጅ ናት። “እንደ ሎሚ ቀስ ብለሽ ጭመቂው፣ መቼ እንደሚጮህ አንቺም አትወቂው” አላት። ለእሷም ያቺኑ ክሽፍ አጎረሰላት። ቀጭ አለ። እጇ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ከ4 ጥይት 3ቱን ሃይላንድ ላይ አሳረፈች። እኔ? ቀኑን ሙሉ አንድ። እሷንም ነፋሱ ነው የጣላት ትለኛለች።

ማታ እናታችን ልብስ ልትዘፈዝፍ የእህቴን ጂንስ ኪስ ስትፈትሽ አንድ ቀለሃ አገኘች። ምንም ሳትናገር አምጥታ ራት ማዕዱ ላይ፣ መሃላችን አስቀመጠችው።

“ዓሣችሁ ይቺ ናት?”