30 በመቶ

እየቀዳ ነው? እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ። ዛሬ ስለዚያ ስለ ሥራው ጉዳይ ላወራ ነበር። ቃል ገብቼም ነበር። ግን ይቆየን። የአባቴ ጃንጥላ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

የእኔን ነገር መቼም ታውቃላችሁ። እሑድ ማታ የሳምንቱን የአየር ትንበያ ሳላይ አልተኛም። «ክብርት የደመና ሚኒስትር» ያላችሁኝ ሰዎች፣ አንብቤያችኋለሁ። [ሳቅ]

ሐሙስ ጠዋት ነው። አባዬ ሊወጣ ነው፤ ጫማውን አስሯል። ጃንጥላው በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። አወረደው። በመስኮት ቀና ብሎ አየና «ያ ደመና አላማረኝም» አለ። እኔ ስልኬን መዘዝኩ። ማን ጠየቀኝ? «30 በመቶ ነው» አልኩት። «ይዘንባል ነው አይዘንብም?» «አይዘንብም አባዬ።» ትንሽ ዝም ብሎ አየኝ። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብሎ ጃንጥላውን መልሶ ሰቀለው።

ካፊያ እንዳይመስላችሁ። ዶፍ ነው የወረደው።

እና ምን መሰላችሁ፣ ትንበያው አልተሳሳተም። 30 በመቶ ማለት አየሩ እንደዚያ ቀን ከሆነባቸው 10 ቀናት በ3ቱ ገደማ ይዘንባል ማለት ነው። ሐሙስ ከሦስቱ አንዱ ሆነ፣ አለቀ። ስልኩ «አይዘንብም» አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ወስጄ ቃል አደረግኩት።

እሱ ያየው ደመና ደግሞ… ከዚያ ቀን ወዲህ ሳነብ ነው የገባኝ። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቃል፣ የሞቀው አየር ይወጣል። ሲወጣ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። በየ1 ኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ። የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርስ የያዘው ተን አቧራ ላይ፣ ጨው ላይ፣ የጭስ ብናኝ ላይ እየተለጠፈ ውሃ ይሆናል። ለዚህ ነው የእነዚያ የክምር ደመናዎች ሆድ መስታወት ላይ የተቀመጠ ይመስል ልሙጥ የሚሆነው። ሁሉም እዚያው ከፍታ ላይ ነው የሚጀምሩት። ታዲያ ተኑ ውሃ ሲሆን ሙቀት ይለቃል። ያ ሙቀት አየሩን እንደገና ወደ ላይ ይገፋዋል። የሐሙሱ ደመና ገና በጠዋቱ አናቱ እየተቆለለ ነበር። አባዬ ይህን ሁሉ አላነበበም። ቀና ብሎ አየ፣ በቃ።

ማንቆርቆሪያ ስታፈሉ ግን አፉ ጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት ቆሜ ሳየው ነበር። ነጩ ነገር ከአፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የሚጀምረው። መሃል ላይ ምንም የሌለበት የሚመስል ክፍተት አለ። ተኑ ያለው እዚያ ነው፤ ተን አይታይም። ነጩ ውሃ ሆኖ ያለቀው ነው። ደመናም እንደዚያው። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነች ደመና ወደ 500 ቶን ውሃ ትይዛለች፤ በአንድ ሜትር ኩብ ግማሽ ግራም ብለን ብናስብ። 500 ቶን! ከራሳችን በላይ! ጠብታዎቹ በጣም ደቃቅ ስለሆኑ ነው የማይወርዱብን። አንድ የዝናብ ጠብታ ለመሆን ሚሊዮን የሚያህሉት መሰብሰብ አለባቸው… ምን እያልኩ ነበር?

አዎ። ሎሬንዝ የሚባለው ሰውዬ፣ የአየር ጠባይ ተመራማሪው። እ.ኤ.አ. በ1961 የአየር ጠባይ ስሌቱን ኮምፒውተር ላይ ሊደግም 0.506127 የነበረውን 0.506 ብሎ ያስገባል። ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ፍጹም ሌላ አየር ሆኖ ጠበቀው። መነሻው ላይ ያለች ትንሽ ልዩነት ቀን በቀን እያደገች ትሄዳለች፤ ለዚህ ነው የሳምንቱ ትንበያ ሰባተኛ ቀን ላይ ሲደርስ የሚልፈሰፈሰው። ይህንን ይዤ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ግን የእኔ ሰባተኛ ቀን አልነበረም እኮ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው፣ በመስኮት የሚታይ ደመና።

ማታ ሲመጣ ከሸሚዙ ውሃ እየተንጠባጠበ «ምንም አይደል፣ ሰማዩ ይሆናል የተሳሳተው» አለኝ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር መሰለኝ። ወይም… አላውቅም። እጁ እኮ ጃንጥላው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ አየር ጠይቆኝ አያውቅም። ላይሆንም ይችላል፣ ምናልባት እኔ ነኝ የማጋንነው። ግን ዛሬ ጠዋት እሱ ከወጣ በኋላ በሩን ልዘጋ ስል ሚስማሩ ባዶውን ነው። ሰማዩ ኩልል ብሏል። አንድ ደመና የለም። ስልኬ «0 በመቶ» ይላል።

ሌላ ቦታ አስቀምጦትም ሊሆን ይችላል። አልጠየቅኩትም። ማታ ሲመጣ… አይ፣ እንጃ።