ያቺ የ30 ሰከንድ መስመር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ሲከነክነኝ የኖረ ነገር አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሥራ ቡድን ቀየርኩ። በድሮው ቡድን አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የከበደ ነገር ሲመጣ «ለእሷ ስጧት፣ ቶሎ ትጨርሰዋለች» ይባል ነበር። እኔም ፍጥነቱ የራሴ ተሰጥኦ ይመስለኝ ነበር። አዲሱ ቡድን ስገባ ግን የግማሽ ቀን ነው ያልኩት ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ፕሮግራም የምጽፍበት ቋንቋ፣ ፓይተኑ፣ ያው ፓይተን፣ ጭንቅላቴም ያው ጭንቅላት።

አንድ ቀን ኮድ ሳጸዳ አንዲት መስመር አገኘሁ። የክፍያ ጥያቄ ትልካለች፣ መልስ እስከ 30 ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ካልመጣ እንደገና ትልካለች። 30 ሰከንድ ምን ያደርጋል ብዬ 2 አደረግኳት። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ቴስት በሙሉ አለፈ፤ ኮዱን ያዩልኝም አጸደቁት። ማታ ላይ የደንበኞች ሂሳብ ሁለት ሁለት ጊዜ መቆረጥ ጀመረ። ለካ ጥያቄውን የሚቀበለው የክፍያ ሲስተም ክፍያውን የሚፈጽመው ወዲያው ነው፣ መልሱን የሚልከው ግን ዘግይቶ፤ የእኔ መስመር ደግሞ በ2 ሰከንድ መልስ ስታጣ ያንኑ ክፍያ እንደገና ትልካለች። ይህን የሚያውቅ አንድ ባልደረባችን ብቻ ነበር፤ እሱም ዕረፍት ላይ ነው። ስንደውልለት ችግሩን ለማወቅ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የትም አልተጻፈም ነበር።

ዴንማርካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፒተር ናውር እ.ኤ.አ. በ1985 የጻፈውን ሳነብ ያቺ ሌሊት ናት ትዝ ያለችኝ። አንድ ቡድን የሠራውን ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም፣ ሌላ ቡድን ሊያሰፋው ይረከባል። ኮዱ ከነማብራሪያው ተሰጥቷቸዋል፣ ምክርም አልተነፈጋቸውም። ግን ያመጡት ሐሳብ የኮምፓይለሩን አወቃቀር የሚያበላሽ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ወዲያው አይተው ቀለል ያለ መንገድ አሳዩአቸው። ናውር የሚለው፣ የፕሮግራሙ ዋና ነገር በሠሪዎቹ አእምሮ ውስጥ ያለው ግንዛቤ ነው፤ ወረቀት ሙሉ በሙሉ አይዘውም። እኔ ደግሞ የምጨምረው፣ ፈጣን የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ «ለምን እንዲህ ሆነ» የሚለውን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ በድሮው ቡድን እንደዚያ ነበርኩ።

ወደዚያ ባልደረባዬ ልመለስ። ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ሲመልስ ይውላል፣ የራሱ ሥራ እየተጓተተ። የዓመቱ ግምገማ እያንዳንዳችን የዘጋናቸውን፣ ማለትም የጨረስናቸውን ሥራዎች ቆጠረና እሱን ከእኔ በታች አስቀመጠው። ያ ሁሉ የዘጋሁት ሥራ ግማሹ በእሱ መልስ የተዘጋ ነው። ይህን እያወቅኩ ስብሰባው ላይ ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።