ሞገዱ የታለ?

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሰርፊንግ ነው። ቦርድ ላይ ቆሞ ሞገድ ስለመጋለብ። የባሕር በር ለሌለን ሰዎች ሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁት የስፖርት ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎች ናችሁ። እኔንም ከባሕሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ካሜራው ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከአንድ ማስታወቂያ ልጀምር። ጊዜው 2013 ነው። ፈረንሳይ፣ ቢያሪትዝ ላይ ለሚደረግ የሴቶች ውድድር ሮክሲ የተባለው የሰርፍ ልብስ ብራንድ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። አንዲት ሴት ከአልጋዋ ትነሳለች። ሻወር ትገባለች። ቦርዷን ይዛ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። ካሜራው ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ ወገቧንና እግሯን ያሳየናል። ፊቷን አናይም። ቪዲዮው አለቀ፤ እሷ አንድም ሞገድ ላይ አልቆመችም።

ያቺ ሴት አውስትራሊያዊቷ ስቴፋኒ ጊልሞር ናት። ያኔ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆና ነበር። አምስት ጊዜ! እኛ ደራርቱን ስናስብ ባርሴሎና ላይ ስትሮጥ ነው ፊታችን የምትመጣው። የሩጫ ማስታወቂያ ሠርቶ ሩጫውን ያወጣ ሰው ቢመጣብን ምን እንለው ነበር?

ይህን ስናገር አንዳንድ ሰው «ታዲያ ባሕር ዳር ምን ትልበስ?» ይለኛል። ጥያቄዬ የልብስ አይደለም። የዋና ልብስ ለእሷ የሥራ ልብስ ነው፤ ለፀሐይና ለጨው ውሃ የተሠራ። እኔ የምጠይቀው ሞገዱ የት ሄደ ብዬ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። በድሮዋ ሃዋይ ሴቶችም ሞገድ ይጋልቡ ነበር፤ የገዢ ቤተሰብ የሆኑትም፣ ተራዎቹም። ሆሊዉድ በ1959 ሰርፍ ስለምትማር ልጅ «ጊጄት» የተባለ ፊልም ሲሠራ ግን፣ ባሕሩ ላይ ተዋናይቷን ተክቶ የጋለበው ሚኪ ሙኞዝ የሚባል ወንድ ነበር። ዊግ አድርጎ። ልጅቷ ለፊቷ ተፈለገች፣ ሞገዱ ለወንዱ ተሰጠ።

ምስል ነው፣ ምን ያመጣል እንዳትሉኝ። ሰርፈር በሽልማት ብቻ አይኖርም። ትኬቱን፣ ቦርዱን፣ ማደሪያውን የሚችልለት ስፖንሰር ነው። ስፖንሰሩ ደግሞ የሚገዛው ምስል ነው። ማን ፎቶ ተነሳ የሚለው ነገር ማን ይበላል የሚለውን ይወስናል።

ብራዚላዊቷን ሲልቫና ሊማን እዩ። በ2008ም በ2009ም ከዓለም ሁለተኛ ወጥታለች። ዋና ስፖንሰር ግን አጣች። ምክንያቱን እሷው በግልጽ ተናግራዋለች፤ ሞዴል ስለማትመስል ነው። ቤቷን ሸጠች፣ መኪናዋን ሸጠች። ከዚያ ውሻ እያረባች፣ ቡችሎቹን እየሸጠች በዚያ ገንዘብ ወደ ውድድር ሄደች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አውስትራሊያዊቷ ፖሊን ሜንዘር ደግሞ በ1993 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የሽልማት ገንዘብ? ምንም። የሰጧት ዋንጫም የተሰበረ ነበር። መገጣጠሚያዋን የሚያሰቃይ ሕመም ይዟት፣ ያለ ስፖንሰር ነው ያሸነፈችው። ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ያንን ገንዘብ የተኩላት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ደግነቱ ፎቶ ውለታም ይውላል። በ2018 ደቡብ አፍሪካ፣ ባሊቶ ላይ የታዳጊዎች ውድድር ነበር። አሸናፊዎቹ ወንድና ሴት ጎን ለጎን ቆመው፣ ትልልቅ ቼክ ይዘው ፎቶ ተነሱ። የእሱ 8,000 ራንድ ይላል፣ የእሷ 4,000። ባሕሩ ያው፣ ቀኑ ያው። ፎቶው ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የዓለም ሰርፍ ሊግ ከ2019 ጀምሮ የወንዶችና የሴቶች ሽልማት እኩል እንደሚሆን አስታወቀ። ፎቶው ብቻውን አላመጣውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ እነ ቢያንካ ቫለንቲ ማቨሪክስ በተባለው አስፈሪ ቦታ ሴቶችም እንዲወዳደሩ፣ ሽልማቱም እኩል እንዲሆን ለዓመታት ባለሥልጣናት ፊት ሲከራከሩ ነበር። ግን ፎቶውን ያየ ሰው ክርክሩ በአንዴ ገባው። ያንን ምስል ያነሳው ሰው የተለየ ነገር አልሠራም። ሁለቱንም ከነቼካቸው አንድ ላይ አሳየ፣ በቃ።

አሁን መብራቱን ቀንሱልኝና አንድ ምስል ላሳያችሁ። ቦታው ናዛሬ ነው፣ ፖርቱጋል። ጊዜው የ2020 መጀመሪያ። ሞገዱ 22.4 ሜትር ነው። የምትጋልበው ብራዚላዊቷ ማያ ጋቤራ ናት። በ2013 እዚሁ ባሕር ላይ ሰጥማ፣ ራሷን ስታ ነው ያወጧት። እግሯም ተሰብሮ ነበር። አቅሙ የላትም ያሏት ነበሩ። እሷ ግን ተመለሰች። በዚያ የውድድር ዘመን ወንድም ሴትም ከጋለቡት ሞገድ ሁሉ ትልቁ ሆኖ የተመዘገበው ይኼ ነው።

ምስሉ ላይ ነጥብ ነው የምታክለው። ቦርዷ ውሃው ላይ ያሰመረውን ነጭ መስመር ተከተሉ። መጨረሻው ላይ ታገኟታላችሁ።