በየዓመቱ የሚሟገቱለት ቴሌስኮፕ
በሀዋሳ በሥነ ፈለክ ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ ውድ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ከዲላና ከሻሸመኔ ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከልብ እናመሰግናለን።

የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ ከሻይ እረፍት በፊት ይቀርባል፤ እኔ አልደግመውም። የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሕዋ ቴሌስኮፕ እንዴት ይጸድቃል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ዜናውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የአሜሪካው የሕዋ ተቋም ናሳ የናንሲ ግሬስ ሮማን ቴሌስኮፕን በኅዳር 2025 ገጣጥሞ ጨርሷል። መስታወቱ 2.4 ሜትር ነው፤ ከቀድሞው የሕዋ ቴሌስኮፕ ከሀብል ጋር እኩል። በአንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ስፋት ግን ከሀብል ቢያንስ 100 እጥፍ ይበልጣል። ለማምጠቅ የተያዘው የመጨረሻ ቀነ ገደብ ግንቦት 2027 ነው። ደስ ይላል!

መንገዱ ግን ቀላል አልነበረም። የአሜሪካ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በየ10 ዓመቱ ተሰብስበው የትኛው ፕሮጀክት ይቅደም በሚለው ላይ ይመክራሉ። ይህ ቴሌስኮፕ በ2010 ከትልልቆቹ የሕዋ ፕሮጀክቶች አንደኛ ወጣ። በ2012 የአገሪቱ የስለላ ተቋም ሳይጠቀምበት የቀረውን መስታወት ለናሳ ሰጠ። በ2016 ሥራው በይፋ ተጀመረ። ከዚያ መከራው መጣ። ዋይት ሀውስ ለ2019፣ ለ2020 እና ለ2021 ባቀረበው በጀት ፕሮጀክቱ ይሰረዝ አለ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ! ሦስቴም ኮንግረሱ ገንዘቡን መለሰ። በ2025 ደግሞ የናሳን የሳይንስ በጀት በግማሽ ያህል የሚቆርጥ ሐሳብ ቀረበ። እሱንም ኮንግረሱ አልተቀበለውም። አንዴ ጸደቀ ተብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። በጀት በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሟገቱለታል።

ሀብልም እንዲሁ ነበር። በ1974 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ንዑስ ኮሚቴ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። አንዱ ምክንያት ራሳቸው ሊቃውንቱ ናቸው። ከ2 ዓመት በፊት ባወጡት ሰነድ ቴሌስኮፑን ከቀዳሚዎቹ ተርታ አላስገቡትም ነበር። እነሱ ያላስቀደሙትን እኛ ለምን እናስቀድም ቢባሉ ምን ይመልሳሉ? ከዚያ ግን ተረባረቡ። አዲሱ ቴሌስኮፕ በስሟ የተጠራላት ናንሲ ሮማን በናሳ ውስጥ ሆና ታገለች። ሊቃውንቱ ላይማን ስፒትዘርና ጆን ባኮል የሕግ አውጪዎቹን ቢሮ እየዞሩ አስረዱ። ደብዳቤው ጎረፈ። መስታወቱ ከ3 ሜትር ወደ 2.4 ዝቅ አለ፤ አውሮፓውያንም ወጪውን ሊጋሩ ገቡ። በ1977 ጸደቀ፣ በ1990 መጠቀ። ከሀብል በኋላ የመጣው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕም በ2011 ከመሰረዝ የተረፈው ለጥቂት ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት ይህን ነው። ባለሙያው በአንድ ድምፅ ካልተናገረ፣ ተራው ሰው ለሚጠይቀውም መልስ ከሌለው፣ ገንዘብ አይመጣም።

ጥያቄው እኛም ዘንድ አለ። በቅርቡ ሐይቁ ዳር ጁፒተርን ስናሳይ ጀልባቸውን አስረው የሚመለሱ አንድ አባት ተራ ይዘው አዩ። ጨረቃዎቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ቆጠሩ። ቀና አሉና «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብር ሰማይ ላይ ከሚበትኑት ለድሃ ቢሰጡት ምን ነበረበት?» አሉኝ። በሳቅ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። እንዲህ አልኳቸው፦ አባባ፣ ብሩ ሰማይ አይወጣም። መስታወት ለሚሞርደው፣ ሽቦ ለሚያያይዘው፣ ስሌት ለሚሠራው ደመወዝ ሆኖ እዚሁ ምድር ላይ ይቀራል። የሚወጣው ዕቃው ነው። የሚመለሰው ደግሞ እውቀት ነው፣ ያውም ለሁሉም። የሮማን ቴሌስኮፕ የሚልከው መረጃ ለማንም ክፍት ይሆናል። ኢንተርኔት ያለው የሀዋሳ ተማሪ ከማንም እኩል ያገኘዋል።

ሌላም አለ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ ስም የማውጣት ዕድል ሲሰጥ፣ የእኛ ድርሻ የሆነው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱም አቦል ተባለ። አቦል የታወቀው በቀጥታ ታይቶ ሳይሆን ኮከቡን ወዲያ ወዲህ ሲያወዛውዘው ነው። ሮማን ግን ኮሮናግራፍ የሚባል መሣሪያ ለሙከራ ይዟል። ፀሐይ ዓይናችንን ስትወጋን በመዳፋችን እንደምንከልላት፣ የኮከቡን ብርሃን ጋርዶ አጠገቡ ያለውን ደብዛዛ ፕላኔት ለማየት ይሞክራል። ሙከራው ለቀጣዩ ቴሌስኮፕ መንገድ ይጠርጋል። እሱን ሊቃውንቱ በ2021 አንደኛ አድርገውታል። መስታወቱ 6 ሜትር ገደማ፣ ግምቱ 11 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ መሬትን የመሰሉ ፕላኔቶችን ይፈልጋል። የሚመጥቀው በ2040ዎቹ ነው። ክርክሩ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ፊት ለፊቴ የተቀመጣችሁ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ያኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ትገባላችሁ።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬ አንድ ሐሳብ ይዞ ቀርቧል። ከዘንድሮ በጀታችን ትልቁ ድርሻ ለኮምፒውተርና ለተማሪዎች የመረጃ ትንተና ሥልጠና ይዋል የሚል ነው። አዲስ ቴሌስኮፕ ይገዛ የምትሉ አባላት እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሐሳባችሁን አከብራለሁ። እኔ ግን ኮምፒውተሩ ይቅደም ባይ ነኝ። ከሰዓት በኋላ በደንብ እንከራከርበትና ድምፅ እንስጥበት። ከዚያ ወዲያ ከዚህ አዳራሽ በአንድ ድምፅ እንውጣ።

የማኅበራችን ሒሳብ ሹም ወደ መድረኩ እንዲመጡ እየጋበዝኩ፣ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።