የእኩል ውል ከአንድ ዓመት ይርዘም
(ደሴ ላይ ለቀበሌ የመሬት ኮሚቴ አባላትና ለግብርና ልማት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከኩታበርና ከቃሉ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የማነሳው የእኩል እርሻን ነው፤ ባለይዞታው መሬቱን ለሌላ አራሽ ሰጥቶ ምርቱን የሚካፈሉበትን።

የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ጭሰኝነት ቀረ። ወሎ ያን አዋጅ የሰማው ከረሃቡ ሳያገግም ነበር። ዛሬ የባልም የሚስትም ስም ያለበት የይዞታ ደብተር በእጃችሁ አለ። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። ትልቅ ነገር ነው።

ግን ደብተሩን የያዘው ሁልጊዜ አራሹ አይደለም። በሬ የሌላት እናት፣ ጉልበቱ የደከመ አባት፣ ልጁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የገባበት ቤተሰብ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ክፋት የለውም፤ ባይሰጡት ጦም ያድራል። ችግሩ ውሉ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ ለአንድ ምርት ዘመን ብቻ። ለከርሞ መሬቱ ማን እጅ እንደሚገባ የማያውቅ ሰው ምን ቆርጦት ለእርከን ድንጋይ ይሸከማል?

ወደ ኩታበር ስትወጡ ተዳፋቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ማረሻው አንድ ትልም ለመጨመር የእርከኑን ጠርዝ በየዓመቱ ይቆርጠዋል። ድንጋዩ ይላላል። አንድ የሐምሌ ሌሊት ጎርፉ በዚያች ክፍተት ይገባና የታችኛውን ጎረቤት ማሳ ጭምር ይዞ ይወርዳል። አፈሩ ቦርከና ወንዝ ይገባል። የታችኛው ሰውዬ ደብተር አለው፣ ድንበሩም ተለክቷል። የሚያርሰው አፈር ግን የለም!

የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ባለው መሬት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚመረተው እርከን ተሠርቶ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ጥሩ። ታዲያ የሚጠግነው ማን ነው? ባለይዞታዋ ወደ አራሹ ታያለች፣ አራሹ ወደ እሷ። በበጋው ዘመቻ ሕዝቡ ወጥቶ የሠራው እርከን ክረምቱ ሲመጣ ባለቤት የለውም።

ስለዚህ የእኩል ውል ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይሁን፤ ተጽፎም ቀበሌ ይመዝገብ። እርከኑን ማን እንደሚጠግን፣ ለድካሙም ከምርቱ ስንት እንደሚታሰብለት ይጻፍ። እናቶቻችን «ሦስት ዓመት ከያዘው አይለቅልኝም» ብለው ይሰጋሉ። እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው ኮሚቴው ምስክር ሆኖ መፈረም ያለበት፤ ጊዜው ሲያልቅም መሬቱን ራሱ ያስረክባቸው።

ከምሳ በኋላ በየወረዳችሁ ስትቀመጡ ከዚህ ጀምሩ። የበልግ እርሻ ሳይገባ በየቀበሌው በጥቂት ማሳዎች እንሞክረው።

አመሰግናለሁ።