ፕላዝማዎቹ መጋዘን ውስጥ ናቸው

የተከበራችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን ርእሰ መምህር ምስጋናችን ይድረሳቸው። የዓመቱን ሥራ ቶሎ ልጨርሰው። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃ ገብቶለታል። ሁለት ክፍል ቀለም ተቀብቷል። 40 ዴስክ ተጠግኗል። ኮርቼበታለሁ። አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ።

ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ቀን ግሩፓችን ላይ ያላለቀሰ የለም። የሚያለቅስ ኢሞጂ ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም "የነገው ትምህርት" እያለ መፍትሔ ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ ነገሩ ታብሌት ላይ አረፈ። ግማሻችን ታብሌት ይገዛ አልን፣ ግማሻችሁ ቤተ መጻሕፍቱ ይታደስ አላችሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ተነታረክን። አልዋሽም፣ እኔም የታብሌት ወገን ነበርኩ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ መጋዘኑ ነው። ለጥገና ዴስክ ልናወጣ ስንገባ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጀርባ ፕላዝማዎቹን፣ ድሮ የምንማርባቸውን ቴሌቪዥኖች፣ አገኘናቸው። አቧራ ለብሰዋል። በ1997 ዓ.ም. "የነገው ትምህርት" እነሱ ነበሩ እኮ! ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይንበለበላል። አልገባኝም ብትል አይቆምልህም። መብራት ከሄደ ክፍለ ጊዜውም ሄደ። መምህራችን ጥግ ይዞ ከእኛ ጋር ያያል። እሱን ማን አማከረው?

በቅርቡ ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጋር ቁጭ ብዬ ነበር። መጽሐፏን የምታነበው በእናቷ ስልክ ነው፣ በፒዲኤፍ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል። ግራፉን በሁለት ጣት ስታሰፋው ጥያቄው ይጠፋባታል። ስለዚህ ግራፉን በእርሳስ ደብተሯ ላይ ትገለብጠዋለች። እናቷ ከሥራ የሚገቡት ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ጥናቷ የሚጀመረው ያኔ ነው። "ቻትጂፒቲ ትጠቀሚያለሽ?" አልኳት። "አንዳንዴ። መልሱን ይነግረኛል። ትክክል መሆኑን ግን የምጠይቀው ሰው የለኝም" አለችኝ።

እንግዲህ የእኔ የነገ ትምህርት ቤት ትንሽ ነው። እስከ ማታ 3 ሰዓት የሚበራ አንድ ክፍል። መጻሕፍቱ የተጫኑበት፣ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ለልጆቹ ስልክ የሚያድል አንድ ኮምፒውተር። እና የሚጠየቅ አንድ መምህር። ኮምፒውተሩን የሚሰጠን አግኝተናል። የጎደለን የመምህሩ አበል ነው።

ግሩፑ ውስጥ 312 ሰው አለ። መዋጮ የከፈለው 41። ከከፈላችሁት አብዛኞቻችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ እናንተን መቆጣት ግፍ ነው። ግን ንግግሩ በቀጥታ እየተላለፈ ነውና፣ ከቦሌም ከዋሽንግተንም ሆናችሁ የምታዩን፣ ታብሌት ታብሌት እያላችሁ ስታስጨንቁኝ የከረማችሁ፣ ሰላም ብያለሁ። አንተ ደግሞ ራስህን ታውቃለህ። ፕላዝማው ሲያመልጥህ ከእኔ ደብተር ነበር የምትገለብጠው። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፣ አላነሣህም።

ጉባኤው ተከፍቷል። በሻይ ሰዓት መጋዘኑን አስከፍታለሁ፣ ማየት የምትፈልጉ ተከተሉኝ። ላልመጡት ፎቶ አንሥቼ ግሩፑ ላይ እለጥፍላቸዋለሁ፤ ላይክ ያደርጉታል።