የእናቴ ስንቅ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ በዚህ ሳምንት ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትጓዙ ልጆቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ!

የተጋበዝኩት ምክር እንድሰጥ ነበር። ምክር ከወላጆቻችሁ አይጠፋምና እኔ ስለ ስንቅ ላውራችሁ።

በ1985 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ፣ እናቴ በሶ ለማዘጋጀት ሦስት ቀን ፈጀባት። በሶ ሲዘጋጅ ያላየ ሰው ተራ ዱቄት ይመስለዋል። ገብሱ ይለቀማል፤ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፤ ከዚያ ምጣድ ላይ ይቆላል። እሳቱ ከበዛ ይመራል፣ ካነሰ ጥሬ ጥሬ ይላል። እናቴ መድረሱን የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። ጥቂት ፍሬ አንስታ በጥርሷ ቀጭ ታደርግና ድምፁን ታዳምጣለች። "ገና ነው" ትልና እንደገና ታማስላለች። ወፍጮ ቤትም ስትወርድ፣ ከፊቷ ገብስ የሚያስፈጭ ሰው እስኪመጣ ተራዋን እያሳለፈች ትጠብቃለች፤ ሌላ እህል እንዳይቀላቀልባት።

እህቴ "መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቋንጣ ፍርፍርም እንጨምርለት እንጂ!" አለቻት። ቋንጣው ጓዳ ተሰቅሏል። እናቴ ግን እንቢ አለች።

"አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ በምን አውቄ?"

ለወሎ ሰው ይህን ማብራራት አያሻኝም። በሥጋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ይለያያል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ላይ ግን የማንም እጅ አይመለስም።

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ አባት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከሚሴን እንዳለፍን በሶዬን በውሃ ለወስኩና በእጄ ጨብጬ "አባባ፣ እንብላ" አልኳቸው። ጭብጦውን አየት አድርገው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ተቀበሉኝ። እሳቸውም ከኪሳቸው ቴምር አወጡ። ደብረ ሲና ላይ ሴቶቹ ቆሎውን በመስኮት ሲያቀርቡልን፣ ገዝተው ግማሹን መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ከዚያ ዳገቱ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ ስናልፍ ጉሙና ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ በሸሚዝ ነበርኩ። ምንም ሳይሉ የጋቢያቸውን ግማሽ ጣሉብኝ፤ ደብረ ብርሃን ድረስ ሁለታችን በአንድ ጋቢ ተጓዝን። አዲስ አበባ ገብተን ስንለያይ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልጆቼ፣ ዛሬ አውቶቡስ ለምሳ ሆቴል ደጃፍ ይቆማል፤ ብርም በስልክ ይላካል። ይህ መልካም ነው፣ እኔም ለልጆቼ እልካለሁ። ነገር ግን እናቶቻችሁ በሶ ሲቋጥሩላችሁ "ሻንጣው ይከብደኛል" አትበሏቸው። ውሰዱት! ዶርም ስትገቡ ከጋምቤላ ወይም ከሐረር የመጣ ልጅ አልጋው ከእናንተ አልጋ አጠገብ ይሆናል። የመጀመሪያው ማታ ምን ብላችሁ እንደምታናግሩት ይጨንቃችሁ ይሆናል። ቋጠሮውን ፍቱና "እንብላ" በሉት።

ያን ዓመት ለክረምት እረፍት ስመለስ፣ እናቴ ደጃፍ ላይ አገላብጣ ሳመችኝ። ስለ ፈተናው አልጠየቀችኝም፣ ስለ ከተማውም አልጠየቀችኝም።

"በሶው በቃችሁ?" አለችኝ።

አመሰግናለሁ።